ሃምሳ ሎሚ ለአንዲት እናት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ገና አልሞቀችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቤት እናት ተነሥታለች። እሳት ታነዳለች። ውሃ ትቀዳለች። ላም ታልባለች። ትንሹ ልጅ ያለቅሳል። ትልቋ ልጅ፣ «እማዬ፣ ደብተሬ የት ሄደ?» ትላለች። አባትየው ደግሞ፣ «መታወቂያዬን አይተሽዋል?» ይላል። እናት ሁሉንም ትፈልጋለች። ሁሉንም ታገኛለች። በዚህ መሐል ጊዜው ይሄዳል።

ወተቱን ይዛ ከፊራ ገበያ ስትደርስ ፀሐይ ከርራለች። ደንበኞቿ ከሌላ ሰው ገዝተው ሄደዋል። ሙቀት ለወተት ጠላት ነው። ስለዚህ እንዳይበላሽባት ብላ በርካሽ ትሸጠዋለች። እንግዲህ የደብተሩ ፍለጋ ገንዘብ አስከፈላት ማለት ነው።

እንደዚህች እናት ያሉ ብዙ ናቸው። በገጠርም አሉ፣ በከተማም አሉ። በጉሊት የምትሸጠውም፣ በፋብሪካ የምትሠራውም እናት ቤቷ ስትገባ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል።

አባቶቻችን፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በብዙ ቤት ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመችው አንዲት እናት ናት። ታዲያ ምን ይሻላል? ሎሚውን መቁጠርና ማከፋፈል ይሻላል።

ሥራውን በወረቀት ላይ ማውረድ

አንዲትን እናት፣ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብትሏት፣ «ኧረ ምንም፣ እቤት ነበርኩ» ትላለች። እስቲ እንቁጠር። እሳት ማንደድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ማለብ፣ ልጅ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ማብሰል፣ እንጨት መልቀም፣ ልብስ ማጠብ፣ ገበያ መሄድ፣ የታመመ ማስታመም። የሁለት እጅ ጣት አለቀ። ሥራው ግን አላለቀም። ይህ «ምንም» አይደለም።

አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ አንድ ሉክ ወረቀት ውሰዱ። ወደ ታች ሁለት መስመር አስምሩበት። ሦስት ቦታ ይከፈላል። በላዩ ላይ «እናት»፣ «አባት»፣ «ልጆች» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ ከሚሠራው ሰው ስም ሥር ጻፉ። ባልና ሚስት አብረው ይጻፉ።

ሲጻፍ ብዙ ነገር ይታያል። ከእናት ሥር ያለው ጽሑፍ ሞልቶ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ይወርዳል። ከአባት ሥር ያለው ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይሆናል። አባት በእርሻ ወይም በቀን ሥራ ይደክማል። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማታ ሲገባ ያርፋል። እናት ግን ማታም አታርፍም።

«ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው» የሚል አባት ይኖራል። መልካም፣ አንድ ነገር እንጠይቀው። በከተማ ውስጥ ውሃ በጋሪ እያመላለሰ የሚሸጠው ማን ነው? ወንድ ነው። በሆቴል ወጥ የሚሠራውስ? ወንድም አለበት። ሥራው በገንዘብ ሲሆን ወንድ ይሠራዋል። ለቤት ሲሆን የሴት ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ስለዚህ ወረቀቱን ዐይታችሁ ሁለት ሥራ ከእናት ወደ አባት አዛውሩ። ለምሳሌ ውሃ መቅዳትንና ልጆችን ለትምህርት ቤት ማሰናዳትን አባት ይያዝ። ለልጆችም እንደ አቅማቸው ስጡ። ግን ሁሉንም ለሴት ልጅ አትስጡ። ወንዱም ቤት ይጥረግ፣ ሳህን ይጠብ። ሴቷም ደብተሯን የምታነብበት ጊዜ ያስፈልጋታል።

ሥራን ከሙቀት ጋር ማስማማት

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋም በባቡሩ ምክንያት አደገች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከደጋው ይልቅ ትሞቃለች። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ብዙ ቀን 35 ዲግሪ ይደርሳል።

የድሬዳዋ ሰው ግን ብልሃት አለው። ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ሰው ወደ ጥላ ይገባል። ፀሐይ ሲበርድ ሥራ እንደገና ይጀመራል። የቤት ሥራም እንዲሁ ይሁን። ከባዱን ሥራ በጠዋትና በማታ ሥሩ። ቀትር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን ሥሩ፤ ወይም ዕረፉ። ዕረፍት ስንፍና አይደለም።

የጠዋቱን ጥድፊያ ማታ መቀነስ ይቻላል። በዚህ ሙቀት የበሰለ ወጥ ሲያድር ይበላሻል። ስለዚህ የምናስቀድመው ወጡን ሳይሆን ዝግጅቱን ነው። ምስሩ ማታ ይለቀም። ቦሎቄው ማታ በውሃ ይዘፍዘፍ። ጠዋት ያ ውሃ ይደፋና በንጹሕ ውሃ ይቀቀል። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ቶሎ ይበስላል። ማገዶም ይቆጥባል። የልጆች ልብስና ደብተርም ማታ ይዘጋጅ።

የምድጃውም ነገር አለ። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ብዙ እሳት በከንቱ በጎን ይወጣል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተስፋፋ ነው። በሲሚንቶ ይሠራል። እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ሁለት ሸክም እንጨት የምትለቅም እናት አንድ ሸክም ይበቃታል። የዚያን መንገድ ጊዜ ለራሷ ታውለዋለች። ጭሱም ስለሚቀንስ ዐይኗ ያርፋል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቦታ

ደብተር፣ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፤ እነዚህ ሁሉ አንድ ቦታ ይኑራቸው። ወረቀቶቹን ውሃ በማያስገባ ፌስታል ቋጥራችሁ ከፍ ያለ ቦታ በምስማር ላይ ስቀሉ። የተጠቀመ ሰው መልሶ እዚያው ይስቀል። ልጆች «እማዬ፣ የት አለ?» ማለት ይተዋሉ።

ይህ ለፍለጋ ብቻ አይደለም። ደቻቱ በድሬዳዋ መሐል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በድንገት ሞላ። ሰዎች ተኝተው ሳለ ጎርፉ ቤታቸው ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን አጡ። እንዲህ ባለ ሌሊት ወረቀት ለመፈለግ ጊዜ የለም። መጀመሪያ ልጆችን ይዞ ወደ ከፍታ መሸሽ ነው። ወረቀቱ በአንድ ፌስታል ከተቋጠረ ግን በአንድ እጅ ይነሣል። ካልተመቸ ይቅር። ወረቀት ይተካል፣ ልጅ አይተካም።

በሳምንት አንድ ቀን ለውሃ ዕቃ

ውሃ በየቀኑ በማይገኝበት ቤት በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ነገር ግን ክዳን የሌለው በርሜል ለትንኝ፣ ማለትም ለቢምቢ፣ ጥሩ ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደንጊ ትኩሳት በድሬዳዋ ተነሣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ መጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተኙ። ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ሰውን ከሥራ አስቀረ። እናት ስትተኛ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ተኛ ማለት ነው።

ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ በንጹሕ ውሃም ላይ ትራባለች። እንቁላሏን በዕቃው ግድግዳ ላይ ታጣብቃለች። ከእንቁላል ተነሥቶ ትንኝ እስኪሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይበቃል። የምትነክሰውም ቀን ቀን ነው። ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም።

መላው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ። ቅዳሜ ይሁን እንበል። በዚያ ቀን በርሜሉን ውስጡን በብሩሽ ፈትጉ። ውሃ ብቻ መድፋት አይበቃም፤ እንቁላሉ በግድግዳው ላይ ይቀራልና። ከዚያ ሞልታችሁ በደንብ ክደኑ። በግቢው ያለ አሮጌ ጎማና ውሃ የቋጠረ ጣሳ አስወግዱ። ይህን ሥራ አባትና ልጆች በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል። የአንድ ሰዓት ሥራ የብዙ ቀን ሕመም ሊያድን ይችላል።

ፊደል ለኑሮ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶችና አባቶች ከሥራ በኋላ ፊደል ቆጠሩ። አንዳንዶች፣ «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ነበር።

መልሱ በግድግዳው ላይ ነው። ወረቀቱን ለጥፉት። ሥራ የጨረሰ ሰው ምልክት ያድርግበት። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ማን ደከመ? የትኛው ሥራ ተረሳ? የትኛውስ ሥራ ባይኖር ይሻላል? ያስቸገረውን ሰርዙ፣ የተሻለውን ጻፉ። በአንድ ሳምንት ሁሉም አይስተካከልም። ሁለት ሥራ ብቻ ከተስተካከለ ጥሩ ጅማሬ ነው።

እንግዲህ ወደዚያች እናት እንመለስ። ማታ ደብተሩ ከቦታው ተቀምጧል። መታወቂያው በምስማሩ ላይ ነው። ውሃውን አባት ቀድቷል። እናት ላሟን አልባ፣ ጎህ ሲቀድ ከቤት ትወጣለች። ፀሐይ ሳይከር ከፊራ ትደርሳለች። ወተቱን በደህና ዋጋ ትሸጣለች። ቀትር ላይ ቤቷ ገብታ በጥላ ሥር ልጇን አቅፋ ትቀመጣለች። ሎሚው ያው ሃምሳ ነው። አሁን ግን የሚሸከመው ቤተሰቡ ሁሉ ነው።

እንወያይ

1. በቤታችሁ ከሁሉ በፊት የሚነሣ ማን ነው? ከሁሉ በኋላ የሚተኛስ?
2. በዚህ ሳምንት ከእናት ወደ አባት የሚዛወሩት ሁለት ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?
3. የውሃ ዕቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተገው መቼ ነው?
4. የልጆቻችሁ የክትባት ካርድ አሁን የት አለ? ሳትፈልጉ መልሱ።