ሲጎትቱት የሚጠብቅ ሸምቀቆ

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ ከተማሪዎች ጋር ለጉብኝት ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ወረዳ ተጉዤ ነበር። በሁለተኛው ቀን የአውቶቡሳችን ሾፌር አንገቱ ላይ የወጣ ብጉንጅ እያሳየኝ፣ «ዶክተር፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ ላፍርጠው ወይስ ልተወው?» አለኝ። የፊዚክስ እንጂ የሕክምና ዶክተር አለመሆኔን ስነግረው፣ «ታዲያ ዶክተርነቱ ምን ይሠራል?» ብሎ ተማሪዎቹን አሳቃቸው። እንዳይነካካው ለምኜ፣ አሶሳ እንደደረስን ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አስማማሁት። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከፊታችን የቆመው ግድብና የሾፌሩ ብጉንጅ ለፊዚክስ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣሉና፦ ፈሳሽ እየገፋው ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር፣ የቆመው በምን ኃይል ነው?

የግድቡ መልስ ክብደት ነው። ቁመቱ 145 ሜትር የሆነው ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ይዟል፤ ይህም ወደ 25 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። ከኋላው የተኛውን ውኃ የሚመክተው ከሁሉም በላይ በዚህ ክብደቱ ነው።

የብጉንጅ ዋነኛ አምጪ የሆነው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ግን ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል የሆነ ድቡልቡል ባክቴሪያ ነው። የአንድ አካል ርዝመትና ስፋት በአሥር እጥፍ ሲያንስ ክብደቱ በሺህ እጥፍ ይቀንሳል፤ የገጹ ስፋት ግን የሚቀንሰው በመቶ እጥፍ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ወደ ባክቴሪያ መጠን ስንወርድ ክብደት ከቁም ነገር አይቆጠርም። ባክቴሪያው የሚይዘውም፣ የሚደበቀውም፣ የሚያጠቃውም በገጹ ነው።

በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን መግልን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ስላያቸው፣ ስማቸውን ከግሪክኛው የወይን ዘለላ መጠሪያ ወሰደ። እርሱ ሊያየው ያልቻለው በእያንዳንዱ «ፍሬ» ላይ የበቀለውን የፕሮቲን ጫካ ነበር። ሶርቴዝ ኤ የተባለ ኢንዛይም እነዚህን ፕሮቲኖች እንደ ልብስ ሰፊ ከባክቴሪያው ግድግዳ ጋር ይሰፋቸዋል። ከመካከላቸው ፕሮቲን ኤ የተባለው ተንኮለኛ ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ጠላትን በሁለት ክንዶቻቸው ይዘው በግንዳቸው ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ፕሮቲን ኤ ግን ግንዱን ራሱን ስለሚይዘው ጥሪው ሳይሰማ ይቀራል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ክላምፒንግ ፋክተር ኤ ነው። ይህ ፕሮቲን ለደም መርጋት የሚያገለግለውን ፋይብሪኖጅን ይይዛል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ባክቴሪያውን ከደም ፈሳሽ ጠብታ ጋር ሲያዋህደው ወዲያው የሚጓጉለው በዚሁ ምክንያት ነው። አያያዙ እንዲህ ነው፦ የፋይብሪኖጅን ጭራ በፕሮቲኑ ላይ ወዳለ ስርጉድ ቦታ ይገባል፤ ከዚያ የፕሮቲኑ አንድ ዘለበት ተጠምዞ እንደ መቀርቀሪያ ይዘጋበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንዲት ማሰሪያን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ እየሳበ ለካ። ቀስ ተብሎ ሲሳብ ማሰሪያው በቀላሉ ይለቃል። በኃይል ሲሳብ ግን ወደ 1.5 ናኖ ኒውተን የሚደርስ ጉልበት ይቋቋማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የአንዱን ባክቴሪያ ክብደት አስልቼ ሳነጻጽረው፣ አንዲቷ ማሰሪያ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ባክቴሪያዎችን ልታንጠለጥል ትችላለች። አገራችን ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ስም አላት፤ ሸምቀቆ ነው።

እንግዲህ የደም ፍሰት ይህን ባክቴሪያ ከልብ ክዳን ላይ አጥቦ ያለመውሰዱ ምሥጢር ከዚህ ይጀምራል። ለተሰበረ አጥንት የሚገባ ብረትም ሆነ በደም ሥር የሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ደም እንደነካው ፋይብሪኖጅን ይለብሳል፤ ለባክቴሪያው ምንጣፍ ተነጠፈለት ማለት ነው። ብጉንጅን መጭመቅም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሰውነት በመግሉ ዙሪያ የሠራውን አጥር ይሰብርና ባክቴሪያውን ወደ ጤነኛው ሥጋ፣ አንዳንዴም ወደ ደም ይገፋዋል።

በመድኃኒት መግደሉ ደግሞ እየከበደ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስበው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትንተና፣ ከተመረመሩት የዚህ ባክቴሪያ ናሙናዎች 32.5 በመቶ ያህሉ ሜቲሲሊንን የተቋቋሙ ነበሩ። ስለዚህ ከመግደል ይልቅ ማስለቀቅ የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ስቧል። ይሁንና ክላምፒንግ ፋክተር ኤን ከዒላማዎቹ አንዱ ያደረገው የፋይዘር ኩባንያ ክትባት በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ሲሞከር ውጤት እንደማያስገኝ ስለታየ፣ ሙከራው በ2018 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። እኔን ይህ ብዙ አላስገረመኝም። አንድ ሸምቀቆ ቢፈታ ሌሎች አሉ፤ ለምሳሌ ፋይብሮኔክቲን የተባለውን የሰውነት ፕሮቲን የሚይዙት ለብቻቸው ናቸው።

አሶሳ ላይ ነርሷ የሾፌሩን ብጉንጅ በንጹሕ መሣሪያ ከፍታ መግሉን አፈሰሰች፤ ቁስሉንም በፋሻ ሸፈነችው። «እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ እንዳትነካው» ብላ አስጠነቀቀችው። እርሱም አንገቱን ቀና አድርጎ እንደያዘ ማግስቱን መሪውን ጨብጦ ወደ ቤታችን መለሰን።