ኖራ ዓይን ውስጥ ቢገባስ?

ዛሬ የማስረዳችሁ በሥራ ቦታ ያሉ ኬሚካሎች ዓይንን እንዴት እንደሚጎዱ ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ ቀለም ቀቢ ነው። አምና ግድግዳ ኖራ ሲቀባ ከብሩሹ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በሸሚዙ እጅጌ አሸት አሸት፣ ፊቱን ለቅለቅ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። "ይለቀኛል" ብሎ ነበር። ማታ ግን ዓይኑ አልገለጥ አለው። በነጋታው ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረጉለት በብዙ ውሃ ማጠብ ነበር። "ምነው ያኔውኑ እንዲህ በታጠብክ!" አሉት። አሁን በቀኝ ዓይኑ ሲያይ ሁሉም ነገር ጭጋግ የለበሰ ይመስለዋል።

ለመሆኑ ኖራ ይህን ሁሉ እንዴት ያደርጋል? በሳይንስ ትምህርት ስለ አሲድና ቤዝ ተምረናል። የንጹህ ውሃ ፒኤች 7 ነው። በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ግን 12 ይደርሳል፤ እርጥብ ሲሚንቶም እንደዛው። ሁለቱም ኃይለኛ ቤዝ ናቸው። የዓይናችን የፊት መስታወት ደግሞ ኮርኒያ ይባላል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው!

የባትሪ አሲድ ዓይን ሲነካ ላዩን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ያረጋዋል። የረጋው ክፍል አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ትንሽ ይከላከላል። (አሲድም ያሳውራል፤ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።) ቤዝ ግን ስብን ያሟሟል። ሳሙና የሚሠራው ከስብና ከቤዝ አይደል? ስለዚህ እየበላ እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ኮርኒያው ጠባሳ ሲይዝ ብርሃን በደንብ አያሳልፍም።

እኔ "ታዲያ ኖራው ላይ ሎሚ ቢጨመርበትስ?" ብዬ መምህራችንን ጠየቅኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህራችን ግን አልሳቁም። "ሎሚው ራሱ ዓይን ይጎዳል፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ደግሞ ሙቀት ይፈጠራል" አሉን። መድኃኒቱ ውሃ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ. ዓይንን አለማሸት።
2ኛ. ወዲያውኑ፣ የዓይን ቆብን በጣት ገልጦ፣ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማጠብ። ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው! ቧንቧ ከሌለ በጆግ ማንቆርቆር። ውሃው ወደ ደህናው ዓይን እንዳይፈስ ጭንቅላትን ወደ ተጎዳው ዓይን በኩል ማዘንበል።
3ኛ. ወተት፣ ሎሚ ወይም ቅጠል አለመጨመር።
4ኛ. ከታጠቡ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ።

የኛም ሜዳ መስመር የሚሰመረው በኖራ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጆች በዱቄቱ ሲረጫጩ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ! ቤተሰቦቻችሁ ግንባታ ወይም ጋራዥ የሚሠሩ ከሆነ ወይም በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ ዛሬ ማታ ይህን ንገሯቸው። አጎቴ አሁን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ ብሩሽ አይነካም። "የቀረችኝ አንድ ናት" ይላል። እናንተ ግን ሁለቱንም ጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል!