ድንጋያማ ወንዝ ለምን ብዙ ዓይነት ፍጡር ይኖርበታል?



የባሕር ዳርቻ ዓለትን ያጠኑ ሊቃውንት ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ስንጥቅና ጎድጓዳ ያለበት ዓለት ከለስላሳው ይልቅ ብዙ ዓይነት ፍጡር ይኖርበታል። ባሕሩ ሲሸሽ ለስላሳው በፀሐይ ይደርቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ግን ርጥበት ይቀራል፣ አዳኝም በቀላሉ አይደርስም። እኛ በጎጃም ደጋ ባሕር የለንም። ነገር ግን ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ጨሞጋን የመሰለ ድንጋያማ ወንዝ መች አጣን? ምስጢሩ እዚህም ያው ነው።

ዉዱእ ለማድረግ ወደ ወንዝ የወረደ ሰው እስቲ አንድ ድንጋይ ገልበጥ አድርጎ ይመልከት። ከላይ ፀሐይ ስለሚያገኘው አረንጓዴ አልጌ ይበቅልበታል። ውሃው በሚፈጥንበት በኩል ከወራጁ ምግባቸውን የሚለቅሙ ጥቃቅን እጮች ተጣብቀውበታል። ከሥሩ ጨለማና ጸጥታ ነው፤ ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ አልቅት፣ አንዳንዴም ሸርጣን ይሸሸጉበታል። በአንድ ድንጋይ ሦስት ሠፈር ማለት ነው! ድንጋዮቹ ትልቅና ትንሽ ሆነው ሲደባለቁ ደግሞ ክፍተቱም ይለያያል፤ ለትልቁም ለትንሹም መጠለያ ይገኛል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ደምበጫ በዚህ ረገድ ስሟ በዓለም ተመዝግቧል። በ2007 እ.ኤ.አ. አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲትን ትንሽ ዓሣ «ጋራ ደምበጫ» ብለው ሰየሙ። («ጋራ» የሚለው ከእኛ ተራራ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከሕንድ የመጣ ስም ነው።) የጋራ ወገን ዓሦች ከአፋቸው በታች ባለ መጣበቂያ ድንጋዩን ይዘው ወራጁን ይቋቋማሉ፤ አልጌውንም እየፋቁ ይመገባሉ።

የሚያሳስበን ታዲያ ደለሉ ነው። ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ሲታረስ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ደለሉም የድንጋዮቹን ክፍተት ይደፍናል። ድንጋዩ በቦታው አለ፤ ቤቱ ግን ተዘግቷል። ከጣና ሐይቅ በክረምት ወደ ጉማራ ወንዝ ወጥተው በጠጠር መካከል እንቁላል የሚጥሉት የነጭ አሣ ዓይነቶችም ንጹሕ ጠጠር ይሻሉ፤ በደለል የተሸፈነ እንቁላል አየር አጥቶ ይሞታል። ለግንባታ ሲባል ከወንዝ ውስጥ ድንጋይና አሸዋ ማውጣትም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ቤት መሥራቱ አይቀርም፤ ድንጋዩን ግን ከወንዝ ሆድ ሳይሆን ከየብስ ካባ ማውጣት ይቻላል። ክፍተቱ በተደፈነ ወንዝ ውስጥ በብዛት የሚቀሩት ጭቃን የሚችሉ ትሎችና ጥቂት ዓይነት እጮች ናቸው።