9,900 የሚል የባትሪ ድንጋይ የለም

«ቁጥሩ የበዛው ይሻላል» የሚለው እምነት ሰውን ብዙ ብር ስለሚያስወጣ ከእሱ ልጀምር። የእጅ ባትሪ ወይም በሶላር የሚሠራ መብራት የገዛ ሰው ውስጡ የሚያገኘው ወፈር ያለ የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። ሽፋኑ ላይ 4,800፣ 6,800፣ ሲብስም 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ይጻፍበታል። ሶኒ የመጀመሪያውን ሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ ፓናሶኒክ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በዚያች ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ ተጨማሪ ጉልበት ለማጨቅ ዓመታት ለፍተዋል። በሰፊው የሚሸጠው ምርጥ ምርታቸው ግን ከ3,500 ብዙም አይርቅም። 9,900 የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ ሽፋን ላይ የታተመ ውሸት ነው። ቁጥሩ በተጋነነ መጠን ደግሞ ውስጡ ያለው የባሰ ደካማ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። ደህናው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ወይም ቅመም የሚመዘንበት ትንሽ ሚዛን ላይ ተቀምጦ 30 ግራም ካለ አትግዙት። እንዲህ ያሉት ተከፍተው ሲታዩ መሐላቸው አንዲት ትንሽ ድንጋይ ብቻ ተገኝታለች፤ የቀረው ቦታ በነጭ ዱቄት የተሞላ ነበር። እናንተ ግን ለማየት ብላችሁ አትክፈቱ፤ የሊቲየም ድንጋይ ቤት ውስጥ የሚፈታ ዕቃ አይደለም። 21700 የሚባል ወፈርና ረዘም ያለ ዓይነትም አለ፤ እሱ በእርግጥ 5,000 ይይዛል። ስለዚህ 5,000 የሚለው ቁጥር 21700 ላይ ከሆነ ሊታመን ይችላል፣ 18650 ላይ ከሆነ ግን አይታመንም።

በፓወር ባንክ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ትንሽ ለየት ይላል። 20,000 የተባለው ስልኩን የሚጠበቀውን ያህል ጊዜ ሳይሞላ ሲቀር ሰው ተታለልኩ ይላል። ቁጥሩ ግን የሚለካው ውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ነው፤ ያ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። የሚወጣው በ5 ቮልት ስለሆነ 14,800 ይቀራል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስለት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበሩ መዳፍ ውስጥ በምትገባ ስስ ፓወር ባንክ ላይ 50,000 ብሎ መጻፉ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ዋት ሰዓቱን ማወቁ ሌላም ጥቅም አለው። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ እሱም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም።

«ብዙ የሚይዝ ድንጋይ ለሁሉም ዕቃ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ብዙ መያዝና በአንድ ጊዜ ብዙ መስጠት የተለያዩ ናቸው። የሳምሰንግ 35ኢ 3,500 ይይዛል፤ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው ግን 8 አምፒር ነው። የዚያው ድርጅት 30ኪው 3,000 ብቻ ይዞ 15 አምፒር ይሰጣል። ለሌሊት መብራትና ለሬዲዮ የመጀመሪያው፣ ለመሰርሰሪያ ማሽን ሁለተኛው ይሻላል። ብዙ አምፒር በሚስብ ዕቃ ውስጥ የመጀመሪያውን መክተት ድንጋዩን ማጋል ነው።

አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ቀን ስምንት ሰዓት ሶኬት ላይ መዋል አለበት፣ ከዚያም ተሟጦ ካላለቀ አይሰካም የሚለው ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የተረፈ ነው። ሊቲየም 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል፤ ደህና ቻርጀር እዚያው ያቆማል። ጨርሶ ማሟጠጥ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ለመብራት መጥፋት ተብሎ የተገዛውን ግን ሞልታችሁ አስቀምጡት ባይ ነኝ፤ ዕድሜው ጥቂት ቢያጥርም ጨለማ ላይ ባዶ ሆኖ ከመገኘት ይሻላል።

አጥብቄ የምቃወመው «የሞተ ባትሪ ይነቃል» የሚለውን ነው። ቴስተር ላይ 1 ቮልት ወይም ዜሮ ያሳየን ድንጋይ ከሌላ ምንጭ በቀጥታ ሽቦ እየነኩ ቻርጅ እንዲቀበል የሚያደርጉ ጠጋኞች አሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራላቸዋል፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ችግሩ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ድንጋዩ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ሲቆይ በአሉታዊው በኩል ያለው የመዳብ ስስ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ሲሞላ የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ሁለቱን ወገኖች ከውስጥ ሊያገናኝ ይችላል። ዛሬ የነቃው ድንጋይ ከሳምንታት በኋላ ሰው ተኝቶ ሳለ ሊቀጣጠል የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ያበጠ የስልክ ባትሪን በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስም ከዚህ አይሻልም፤ መርፌው ራሱ ሁለቱን ወገኖች ያገናኛቸዋል።

«የሚፈነዳው ፌክ ነው፤ ኦሪጂናል አይፈነዳም» የሚለው ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ቦስተን ላይ ቆሞ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 787 የሊቲየም ባትሪው ተቀጣጠለ። በቀናት ልዩነት ሌላ 787 በባትሪ ችግር ጃፓን ውስጥ ድንገተኛ ማረፍ አደረገ፤ በዓለም ላይ ያሉት 787 ድሪምላይነሮችም ሁሉ ቆሙ። ቦይንግ ባትሪውን ጭሱ ወደ ውጭ በሚወጣበት የብረት ሣጥን ውስጥ ካስገባው በኋላ መንገደኛ ጭኖ መጀመሪያ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። እንዲያ በጥንቃቄ የሚሠራ ባትሪ ከተቃጠለ ኦሪጂናል መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አያያዙም ይወስናል።

አያያዝ ስል ለምሳሌ ሽፋኑን ነው። የ18650ን አናት ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። መሐል ላይ ያለችው ጉብታ አዎንታዊ ናት። ከእሷ በጥቂት ሚሊሜትር ርቆ የሚጀምረው ቆርቆሮ፣ ከትከሻው እስከ ታች፣ ሙሉ በሙሉ አሉታዊ ነው። ሁለቱን ለይቶ የያዘው አናቱ ላይ ያለችው የወረቀት ቀለበትና ያ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ናቸው። ሽፋኑ ትከሻው ላይ ከተላጠ አንድ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሊያገናኛቸው ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ከሆነ ልብስና ቆዳ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሣሪያው የወጣ ድንጋይ ለብቻው በፕላስቲክ ዕቃ ይያዝ፤ የተላጠው ሳይታደስ አይሠራበት።

የመጨረሻው፣ «የሊቲየም እሳት ላይ ውሃ አይደፋም» የሚለው ነው። በውሃ የሚባባሰው የንጹሕ ሊቲየም ብረት እሳት ነው። በስልክና በእጅ ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ግን መቀዝቀዝ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ውሃ ይጠቅማል። መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል፣ ወይም ቆጣሪው ይጥፋ፤ ከዚያ ውሃ። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ክፍሉ በጭስ ከተሞላ ዕቃውን ትቶ ሰዎቹን ይዞ መውጣት ይቀድማል። የጠፋ የመሰለ ባትሪ ከሰዓታት በኋላም ተመልሶ ሊነድ ስለሚችል ከቤት አውጥታችሁ፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ደጅ አሳድሩት።