የመጽሐፍ ካርቶን፣ አቲክና በአራቱም ወገን የሚወርድ ጣሪያ

እንደሚታወቀው እኛ በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕቃ መጣል አይሆንልንም፤ በተለይ ወረቀት። ከተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን የተረፈ በራሪ ጽሑፍ፣ ኅትመቱ የተቋረጠ መጽሔት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ካሴት፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ መጽሐፍ፣ ሁሉም «ለታሪክ ይጠቅማል» ተብሎ በካርቶን ይታሸግና ቤቱ ሲጠብ ወደ አቲክ ይወጣል። ለታሪክ መጥቀሙን አልክድም። በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ ካርቶን የተቀመጠበት እንጨት ምን እንዲሸከም ነበር የተሠራው? ከሥሩ ብዙ ጊዜ የልጆች መኝታ ቤት አለና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሐሳቤን በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ በብዛት በሚታየው፣ «ሂፕ ሩፍ» በሚሉት ቤት ላይ ልወስነው። ይህ ጣሪያ በሁለት ወገን ብቻ ሳይሆን በአራቱም ወገን ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ነፋስን በመቋቋም የታወቀ ነው። አቲኩ ግን በየአቅጣጫው እየጠበበ ስለሚሄድ ሰው ቀና ብሎ የሚቆምበት ቦታ መሃሉ ብቻ ነው፤ ዕቃውም የሚከመረው እዚያው ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ እንጨት ደግሞ አቅሙ የሚፈተነው መሃሉ ላይ ነው። ያው ክብደት በእንጨቱ ርዝመት ሁሉ ከሚሠራጭ ይልቅ መሃሉ ላይ ብቻ ቢከመር፣ የሚያጥፈው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያው «እዚህ አስቀምጥ» ብሎ የሚሰጠን ቦታና እንጨቱ «እዚህስ አታስቀምጥ» የሚለን ቦታ አንድ ነው። ከሥር መሃል ላይ ሸክም የሚቀበል ግድግዳ ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ሁሉም ግድግዳ ግን ሸክም ተቀባይ አይደለም።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤት ኮድ፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ያልታሰበ አቲክ በካሬ ጫማ 10 ፓውንድ እንዲሸከም ይጠይቃል፤ በካሬ ሜትር 49 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። መጠነኛ ዕቃ ለሚቀመጥበት 20 ፓውንድ፣ ለመኝታ ቤትና ቋሚ ደረጃ ላለው አቲክ 30፣ ለሳሎን 40 ነው። አሁን 18 ኪሎ የሚመዝን፣ መቀመጫው 45 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ የመጽሐፍ ካርቶን እንውሰድ። ብቻውን ያረፈበትን ቦታ በካሬ ሜትር 133 ኪሎ ይጫነዋል። አራቱ ሲደራረቡ 533 ኪሎ ይደርሳል። ለዕቃ ታስቦ የተሠራው አቲክ እንኳ የተሰላው ለ98 ኪሎ ነው!

«ኮምፖርሳቶ አንጥፌበታለሁ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ኮምፖርሳቶ እግር ኮርኒሱን በስቶ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ሸክሙንም በመጠኑ ያካፍላል፤ ነገር ግን እሱም ክብደት ነው፣ ከሥሩ ያለውን እንጨት አያወፍረውም። ወሳኙ የእንጨቱ ቁመት ነው። «ሁለት በስድስት» የሚባለው እንጨት ትክክለኛ ቁመቱ 5.5 ኢንች፣ «ሁለት በአሥር» የሚባለው 9.25 ኢንች ነው። የቁመት ልዩነቱ እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ባለመጉበጥ ግን ሁለተኛው አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሌላ በኩል፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርቀቱ እጥፍ ቢረዝም ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል።

የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ጎጆ ሲሠራ ያየ ሰው ከኔ ይበልጣል። ከአናት የሚወርዱ ወራጆች ግድግዳውን ወደ ታች ብቻ አይጫኑትም፤ ወደ ውጭም ይገፉታል። ባለሙያው ይህን ግፊት የሚገታው ወራጆቹን ዙሪያውን በማገር በማሰር ነው፤ በርሜልን የብረት ቀለበቱ እንደሚይዘው ማለት ነው። በሂፕ ሩፍ በረጃጅሞቹ ግድግዳዎች በኩል ይህን ሥራ የሚሠራው የኮርኒሱ አግዳሚ ነው። ያ ቀጭን እንጨት ኮርኒሱን ይሸከማል፣ ትይዩ ወራጆችንም እንደ ተወጠረ ገመድ ያስራል። በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ግን አግዳሚው ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ የዚያን ወገን ወራጆች አይዛቸውም። አጫጭር ማያያዣ ካልተጨመረ ግፊታቸው የሚያርፈው በግድግዳው አናት ዙሪያውን በሚዞረው ድርብ እንጨትና በማዕዘን መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ የጎጆው ማገር ታናሽ ወንድም ልንለው እንችላለን። ጣሪያው ለጥ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ በረዶ ሲጫነው ደግሞ ይብሳል።

ስለ በረዶ ካነሣን፣ ብዙዎቻችን እንጀራ የበላንበት የዋሽንግተኑ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድና ኮሎምቢያ ሮድ በሚገናኙበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1922 የኒከርቦከር ቲያትር ጣሪያ በበረዶ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ያ ጣሪያ ዝርግ ነበር፣ የኛን ዓይነት አይደለም። ቢሆንም የተወቀሰው በረዶው ብቻ ሳይሆን፣ ጣሪያውን የያዙት አግዳሚዎች አሠራርም ነበር።

እንግዲህ ተጣጣፊ መሰላል ለማስገባት አንድ አግዳሚ ሲቆረጥ የተቆረጠው ወለል ብቻ ሳይሆን ማሰሪያም ነው። በ24 ኢንች ልዩነት በተደረደሩ አግዳሚዎች መካከል የተለመደው መሰላል ሳይቆረጥ ይገባል፤ በ16 ኢንች ከሆነ ግን ቢያንስ አንዱ ይቆረጣል። ያኔ ቀዳዳው በድርብ እንጨት መከበብ አለበት። ቤቱ በፋብሪካ በተገጣጠመ «ትራስ» (የራስጌውን አላልኩም) የተሠራ ከሆነ ደግሞ አንድም እንጨት አይነካም። በሂፕ ሩፍ ጫፍ ያሉት ትናንሽ ትራሶች በአንድ ትልቅ ትራስ ላይ ስለሚንጠለጠሉ እሱ አስቀድሞ በቂ ሸክም አለበት።

«አሥር ዓመት ቆየ፣ ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እንጨት ለዓመታት ሲጫንበት ቀስ በቀስ መጉበጡን ይቀጥላል። የመኝታ ቤት በር መግጠም እምቢ ሲል፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ሲላቀቁ፣ በኮርኒሱ መገጣጠሚያ ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ሲታይ ቀለም ከመቀባት በፊት አቲኩን ማየት ይገባል። ሜትርና ባትሪ ይዞ የአግዳሚውን ቁመት፣ ልዩነቱን፣ ሳይደገፍ የሚሄድበትን ርቀትና አቅጣጫውን ጽፎ ለመዋቅር መሐንዲስ ማሳየት ነው። መሐንዲሱ ከአሮጌው አጠገብ አዲስ እንጨት እንዲታሰር ሊያዝ ይችላል፤ ኢንሱሌሽኑም ሳይጨፈለቅ ወለሉ ከፍ ብሎ ይሠራል።

ባዶ ሻንጣ፣ የገና ዛፍና ብርድ ልብስ እዚያ ቢቀመጡ እኔ ተቃውሞ የለኝም። ወረቀቱና ካሴቱ ግን፣ እንጨቱ ቢችላቸው እንኳ፣ በበጋ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል አቲክ ውስጥ አይበረክቱም። ምድር ቤቱ እርጥበት የማያስገባ ከሆነ በግድግዳው ጥግ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይደርደሩ።