ዋጋ የማይጠየቅበት መጽሐፍና የነጋዴው ድርሻ

በደቡብ ወሎ ከአርዲቦ ሐይቅ ተርፎ የሚወርደው ውኃ በወንዝ አልፎ ሎጎ ሐይቅን ይመግባል። በዚያው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አስተምረዋል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚበዛው በእጅ ሲገለበጥ ብቻ ነበርና ብራናውም የጸሐፊውም ድካም ውድ ነበር።

ዛሬ ግን ለኮሌጅ ትምህርት ከሚያገለግሉት መጻሕፍት አንዳንዶቹን ደራሲዎቻቸው ማንም እንዲያነብባቸውና እንዲቀዳቸው ፈቅደው ለሕዝብ ለቀዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ በፓሪስ ባደረገው ስብሰባ ይህ ዓይነቱ ሥራ «ክፍት የትምህርት ሀብት» ተባለ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፥ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተጻፉ 13 የመማሪያ መጻሕፍት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተዘጋጅተው ያለ ዋጋ ተሰጥተዋል።

ይህ ነገር ነጋዴውን የማይመለከት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የመጽሐፉ ፈቃድ በነፃ ቢገኝም ወረቀቱ፥ ቀለሙና መብራቱ በነፃ አይገኙም። ከአርዲቦ አካባቢ ወደ ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ ስልኩ ላይ ማንበብ ካልተመቸው፥ ገጾቹን ለማሳተም ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ የውጭ መጽሐፍ አስመጪው ገበያው ቢቀንስበት፥ ወረቀትና ቀለም የሚያቀርበውና የሚጠርዘው ሥራ ያገኛሉ ማለት ነው።

ሆኖም ነፃ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት እንዳልሆነ ባለ መደብሩ ሊያውቅ ይገባዋል። በቅድሚያ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መኖሩን ይመልከት። በክብ ውስጥ የሰው ምስል ካለ የደራሲውን ስም መጥቀስ ግዴታ ነው፤ የተሰረዘ የዶላር ምልክት ካለ ደግሞ መጽሐፉን ለትርፍ አትሞ መሸጥ አልተፈቀደም። ፈቃድ የሌለበትን መጽሐፍ አባዝቶ መሸጥ ግን በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ከኮሌጁ መምህራን ጋር ተመካክሮ፥ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፈቃዱን አንብቦ፥ የወረቀቱንና የድካሙን ተገቢ ዋጋ ብቻ ያስከፍል። እንዲህ ያደረገ ከትርፉ ጋር የተማሪውን አመኔታ ያገኛል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተማሪው ታናሹን ይዞ ወደዚያው መደብር ይመለሳል።