የእናቶቻችን ጭንቀት ከአዲስ አገር ብቻ ነውን?

አንዳንድ እናቶቻችን ሌሊት በላብ ተጠምቀው ይነቃሉ፤ ቀን በትንሹ ይቆጣሉ። እኛም «የአዲስ አገር ሐሳብ ነው» ብለን እናልፈዋለን። በእርግጥ ቋንቋው፣ በዕብራይስጥ የሚመጣው ደብዳቤ፣ የልጆች ነገር ያስጨንቃል። ነገር ግን በ40ዎቹ ዕድሜ ሌላም ምክንያት አለ። የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍና ዝቅ ይላል። ሰውነት በድንገት ይግላል፤ እንቅልፍ ይዛባል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ደግሞ ትንሹም ጭንቀት ይከብዳል። ይህ ሁኔታ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ ነውር አይደለም፤ ሕክምናም አለው። በኩፓት ሆሊም ለሐኪም በግልጽ እንንገር። ልጆቻችንን ከማስተርጎም ይልቅ ሴት አስተርጓሚ እንጠይቅ። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ ደም ከታየ ግን ሳንዘገይ እንመርመር። ባሎችና ልጆችም የቤቱን ሥራ ተካፍለን እናሳርፋቸው።